«እሺ» ያለ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ገብቶታል ማለት አይደለም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ የእህል ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ላይ ነው የምሠራው። አዲስ ሠራተኛ ስንቀበል የምንፈጽማቸው ስህተቶች አሁንም አሁንም ስለሚደጋገሙ ልጻፋቸው አልኩ።

የከፋው «ያልገባህን ጠይቅ» ብሎ መሄድ ነው። ኧረ አይጠይቅም! እኛ ዘንድ ልጅ ታላቁን አቋርጦ አይጠይቅም፤ እንዲያ አድርገን ነው ያሳደግነው። «እሺ» ሲል ሰምቻለሁ፣ አክብሬያለሁ ማለቱ ነው። ገብቶኛል ማለቱ አይደለም።

አንድ የቢቸና ልጅ ለመጋዘን ቀጠርን። «እህል በወጣ ቁጥር ክምሩ ላይ ያለውን ቢን ካርድ ሙላ፤ ያልገባህን ጠይቅ» አልኩት። ቢን ካርድ የሚገባውና የሚወጣው እህል የሚመዘገብበት ካርድ ነው። «እሺ ጋሼ» አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ቆጠራ ስናደርግ የጤፉ ካርድ ላይ እሱ ከገባ ወዲህ አንድም መስመር አልተሞላም። ደሜ ፈላ። ልጁ ከኪሱ ደብተር አወጣ። የወጣው ጆንያ፣ ቀኑ፣ የመኪናው ታርጋ፣ ሁሉም ቁልጭ ባለ ጽሕፈት ተመዝግቧል። ካርዱ ላይ ከሱ በፊት የነበረው ሠራተኛ ፊርማ ስላለ መንካት የሚከለከል መስሎት ነው። «ለምን አልጠየቅኸኝም?» ስለው፣ «ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጣሁ፤ ስልክ ላይ ነበሩ» አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ስለዚህ «ገባህ?» አትበሉ። «እስኪ አንዱን ሙላና አሳየኝ» በሉት። ቢሮ እስኪመጣም አትጠብቁ። እኔ አሁን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት 10 ሰዓት ተኩል ላይ መጋዘን ድረስ እሄዳለሁ። ጆንያ ላይ ቁጭ ብለን እናወራለን። ቢሮ ውስጥ ከአፉ የማይወጣው ጥያቄ እዚያ ይወጣል።

«ማንንም ጠይቅ» ማለትም ያው ነው። አንድ ሰው መድቡለት።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ የሙከራ ውሉም በጽሑፍ መሆን አለበት። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ 10 ሳምንት ነው። ብዙ አለቃ ዘጠኙን ሳምንት ዝም ይልና በአሥረኛው «አልሆነም» ይላል። ይህ ግፍ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ካልነገራችሁት መቼ ያርመው?

በመጀመሪያው ቀን ሃያ ሰው ማስተዋወቅ ትርፉ ድካም ነው። ይልቅ ምሳ ላይ ብቻውን እንዳይቀመጥ አድርጉ።

ሌላው ማደሪያ ነው። ከሞጣ የመጣች የሒሳብ ሠራተኛ ነበረችን። ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ ያዳፋታል፤ «ሰነፍ ናት» ተባለ። ለካ የደላላና የቤት ኪራይ የያዘችውን ገንዘብ ጨርሶባት፣ በማርቆስ ብርድ ሲሚንቶ ላይ ነው የምታድረው። ደሞዝ ደግሞ ገና ነው። ከደሞዟ የሚታሰብ ቅድሚያ ሰጠናት፤ በዚያው ቀን ፍራሽ ገዛች። ከዚያ ወዲህ «የት ነው ያደርሽው?» ሳልል ፎርም አላስሞላም።