ከደጋ ወርዶ ጅቡቲ ላይ ስኩባ እንዴት ይጠለቃል?

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ጅቡቲ ሄዶ ስኩባ (የአየር ሲሊንደር ይዞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) ሲያምረው መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃል። ቀጥሎ ስለ ሻርክ ይጠይቃል። እኔ ብሆን ከሁሉም በፊት የምጠይቀው «መመለሻችሁ መቼ ነው?» ብዬ ነው።

ነገሩ ከናይትሮጅን ጋር የተያያዘ ነው። ውሃ ውስጥ በወረዳችሁ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። 10 ሜትር ላይ ከባሕሩ ወለል እጥፍ ይሆናል። እዚያ የምትተነፍሱት አየር ስለታመቀ ናይትሮጅኑ ከወትሮው በላይ ወደ ሰውነታችሁ ይሰርጋል። ከወጣችሁ በኋላ ቀስ እያለ በትንፋሽ ይለቃል። ለቆ ሳይጨርስ ከፍታ ቦታ ከሄዳችሁ ግን፣ ለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደምታዩት፣ ሰውነት ውስጥ አረፋ ሊሠራ ይችላል። አረፋው የሚያመጣው ሕመም አካል ጉዳተኛ የማድረግ፣ አልፎ አልፎም የመግደል አቅም አለው።

ጠልቆ ወዲያው አውሮፕላን መሳፈር እንደማይቻል ጠላቂዎች ሁሉ ያውቃሉ። የእኛ ጣጣ ግን ከአውሮፕላን ስንወርድም አያበቃም። አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊትም ቢበዛ 2,400 ሜትር አካባቢ ያለውን ያህል ነው። «እኔ በባቡር ነው የምመለሰው፣ ምንም አይለኝም» ማለት አያዋጣም። ድሬዳዋም ብትሆን 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ናይትሮጅኑ እስኪለቅ የምትጠብቁበትን ዕረፍት ጅቡቲ ላይ ጨርሱት።

ቀኑን ከኋላ ቁጠሩ። የተለመደው ምክር ይሄ ነው፦ ከመብረራችሁ በፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ወይም በተከታታይ ቀናት ከጠለቃችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቁ። እኔ አንድ ሙሉ ቀን ተዉለት እላለሁ። ቅዳሜና እሁድን ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቅዳሜ ጠልቃችሁ እሁድ ማታ ተመለሱ፤ እሁድ ጠዋት «አንዴ ልድገም» አይባልም።

ወቅቱን ምረጡ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ሐምሌ ላይ ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ትግላለች፤ ነፋሱም ያስመርራል።

ውሃ ልመዱ። ያለ ሰርተፊኬት ለመሞከር ብቻ ለሚጠልቅ ሰው የዋና ፈተና ላይኖር ይችላል። ቢሆንም ፊቱ ውሃ ሲነካው የሚደነግጥ ሰው ባሕር ውስጥ አይረጋጋም። ከመሄዳችሁ በፊት ሆቴል ገንዳ ገብታችሁ ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አየር ማስወጣት፣ በጀርባ መንሳፈፍ ተለማመዱ። ሰርተፊኬት ያለው ሙሉ ኮርስ ከፈለጋችሁ ግን 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ትጠየቃላችሁ። እሱን የጨረሰ ሰው እስከ 18 ሜትር ይጠልቃል። የሙከራው ወሰን 12 ሜትር ነው፤ ያውም አስተማሪ አጠገባችሁ ሆኖ።

ጤናችሁን አትደብቁ። የሚሞላ የጤና ቅጽ ይሰጣችኋል። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የጆሮ ችግር ወይም እርግዝና ካለ በግልጽ ጻፉ። ጉንፋን የያዘው ሰውም ይቅር፤ ውሃ ውስጥ ግፊቱን ለማመጣጠን ጆሮው አይከፈትለትም። ጅቡቲ ሄዶ ጫት መቃም ለሚወዱም አንድ ነገር ልበል፦ ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፤ እንቅልፍም ይነሳል። ከጥልቀት በፊት ይቅርባችሁ። መጠጥም እንደዚያው።

አስጠላቂ ስትመርጡ ዋጋ ብቻ አታወዳድሩ። ጀልባው ላይ ለድንገተኛ የሚሆን ኦክስጅን አለ ወይ? አንድ አስተማሪ ስንት ሰው ይይዛል? ችግር ቢፈጠር የት ነው የሚወስዱን? ሲጠየቅ የሚቆጣ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ከከተማው ተነስቶ ብዙ ጀማሪ የሚወሰደው ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ነው። ጀልባው ላይ ዕቃ ይለበሳል፦ ማስክ፣ እንደ ዳክዬ እግር የሰፋ ጫማ፣ ሲሊንደር የታሰረበት ጃኬት፣ ክብደት ያለው ቀበቶ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ተራ አየር እንጂ ብዙ ሰው እንደሚለው ንጹሕ ኦክስጅን አይደለም።

ስትወርዱ ጆሮአችሁን ክፈቱ። አፍንጫችሁን ያዙና ቀስ ብላችሁ ንፉ። ሕመም እስኪሰማችሁ አትጠብቁ፤ በየሜትሩ አድርጉት። እምቢ ካለ ትንሽ ከፍ ብላችሁ እንደገና ሞክሩ። በግድ መውረድ የጆሮ ታምቡር ይቀዳል።

ትንፋሽ አትያዙ፤ በጭራሽ። ከ10 ሜትር ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው ሳንባው ውስጥ ያለው አየር ወደ እጥፍ ሊሰፋ ይሞክራል፤ ሳንባው ደግሞ ቦታ የለውም። ረዘም አድርጋችሁ ሳቡ፣ ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ።

የእጅ ምልክቶቹን ደግሞ እዚያው ጀልባው ላይ ተለማመዱ። አውራ ጣት ወደ ላይ ማለት «አሪፍ ነው» ሳይሆን «እንውጣ» ማለት ነው። ደህና ነኝ ለማለት አውራ ጣትና ሌባ ጣትን አጋጥሞ ክብ መሥራት ነው። በደስታ አውራ ጣቱን አንስቶ ጥልቀቱን ያሳጠረ ጀማሪ ብርቅ አይደለም።

ታች ስትደርሱ አትቸኩሉ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ አንዳንዱ በዓመት አንድ ሴንቲሜትር እንኳ አያድግም። እንዲህ ያለውን በእግራችሁ ከሰበራችሁት እስኪተካ ልጆቻችሁ ያድጋሉ። ድንጋይ መስሎ የሚቀመጥ፣ የጀርባው እሾህ መርዛማ የሆነ ዓሣም ስላለ እጅ መሰብሰብ ለእናንተም ለኮራሉም ይበጃል። ጸጥ ካላችሁ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ፓሮትፊሽ የሚባለው ባለ ብዙ ቀለም ዓሣ የኮራሉን ድንጋይ ሲግጥ ነው። የጋጠውን ፈጭቶ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። በጫማ የምንረግጠው ነጭ አሸዋ ከፊሉ የዚህ ዓሣ ኩስ ነው፤ ይቅርታ።

ቀስ ብላችሁ ውጡ። ሲሊንደሩ ሙሉ ሲሆን የአየር መለኪያው 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ያሳያል። 50 ባር ሲቀር ላይ መሆን አለባችሁ፤ ስለዚህ መለኪያውን አሁንም አሁንም እዩ። በደቂቃ ከ9 ሜትር በላይ አትውጡ። 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቁሙ።

የዕረፍቱ ቀን ባዶ አይሆንም። ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዌል ሻርኮች ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ናቸው፣ የሚበሉትም ፕላንክተን የሚባሉ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ነው። እነሱን ለማየት ማስክና የመተንፈሻ ቱቦ ይዞ ውሃው ላይ መንሳፈፍ በቂ ነው፤ ወደ ታች አትጥለቁ እንጂ።

አዲስ አበባ ከገባችሁ በኋላ መገጣጠሚያ ቢያማችሁ፣ እጅ እግር ቢደነዝዝ፣ ቢያዞራችሁ ወይም ያልተለመደ ድካም ቢሰማችሁ «መንገዱ ነው» ብላችሁ አትተኙ። ሐኪም ዘንድ ስትገቡ መጀመሪያ የምትናገሩት ባሕር ውስጥ መጥለቃችሁን፣ መቼና ስንት ሜትር እንደነበረ ይሁን። ካልነገራችሁት ሊገምተው አይችልም።