የቴስታታ ብሎን ቀዳዳዎች፦ አሮጌ ሞተር ሲታደስ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አዳማን የሚያውቅ ንፋሷን ያውቃል፤ ከከተማዋ ዳር ያሉት የንፋስ ተርባይኖች በከንቱ አልተተከሉም። ጎኑ ክፍት በሆነ ጋራዥ ውስጥ ቴስታታው (ብሎኩ ላይ በብሎን የሚታሰረው የሞተር ክዳን) ወርዶ ያደረ ሞተር ጠዋት ሲታይ፣ ብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረው ዘይትና ውሃ አቧራ ጠጥቶ ጭቃ ሆኗል። ብዙ ሰው ፒስተንና ቫልቭ ሲያብለጨልጭ ይውልና ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ጫፍ ጠረግ አድርጎ ያልፋቸዋል። በብሎኩና በቴስታታው መሀል አዲስ ጋስኬት (ማሸጊያ) ይገባል፣ ቶርክ ሬንቹ (ጉልበት የሚለካው መፍቻ) ጠቅ ይላል። ከዚያ መኪናው ሞጆንና ቢሾፍቱን አልፎ ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ ሲወጣ ውሃ መግፋት ይጀምራል። ጥፋቱ ሁሉ በጋስኬቱ ይላከካል።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቶርክ ሬንች የሚለካው ብሎኑ አልዞርም ያለበትን ጉልበት እንጂ ቴስታታውን የያዘበትን አይደለም። ከምንሰጠው ጉልበት ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው በጥርሱና በብሎኑ ራስ ሥር ባለው ሰበቃ ይበላል፤ ቴስታታውን የሚያጣብቀው የተረፈው ነው። ቀዳዳው ሲቆሽሽ የምትቀነሰው ይህችው ትንሿ ድርሻ ናት።

ፈሳሽ ትቶ ማሰር። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ታቹ ድፍን በሆነ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ካለ ብሎኑ እንደ ፒስተን ይጫነዋል። ፈሳሽ ደግሞ አይታመቅም፤ መውጫ ሲያጣ ብሎኩን ይሰነጥቃል። ባይሰነጥቅ እንኳ ሬንቹ ጠቅ የሚለው ብሎኑ ፈሳሹን ስለተደገፈ ነው፤ ቴስታታው ገና አልተያዘም። መጀመሪያ ሲሊንደሮቹን፣ የውሃና የዘይት መተላለፊያዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ። በመርፌ መምጠጫ ጫፍ ላይ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ሰክተው ፈሳሹን ከቀዳዳው ሥር ይምጠጡ፣ ከዚያ በፍሬን ማጽጃ አጥበው በኮምፕሬሰር ይንፉ። ሲነፉ ቀዳዳውን በጨርቅ ይሸፍኑ፣ መነጽርም ያድርጉ፤ ከዚያ የሚፈናጠረው ዝገት ለዓይን ምሕረት የለውም። በመጨረሻ እያንዳንዱ ብሎን ያለ መፍቻ፣ በጣት ብቻ እስከ ጥርሱ መጨረሻ መግባት አለበት። አንዱ እንኳ መሀል ላይ ከያዘ ሥራው አላለቀም።

በታፕ ማጽዳት። ታፕ (ጥርስ ማውጫ) የተሠራው ብረት ለመቁረጥ ነው። የቆየ ጥርስ ላይ ሲገባ ከዝገቱ ጋር ጤነኛውንም ብረት እየላጨ ይወጣል፤ ጥርሱ ይላላል። የሚሻለው መሣሪያ ርካሽ ነው፦ ከዚያው ሞተር የወጣ፣ ጥርሱ ያልተጎዳ አሮጌ ብሎን ይውሰዱ፣ በብረት መጋዝ ጥርሱን ቁመቱን ተከትለው ሦስት ቦታ ይሰንጥቁት፣ የስንጥቁን ጠርዝ በሞረድ ያልስልሱ። ዘይት ቀብተው በእጅ እያስገቡና እያወጡ ቢያዞሩት ቆሻሻው በስንጥቆቹ ውስጥ ይሰበሰባል። ግን የዚያው ሞተር ብሎን ይሁን። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን በጃፓን መኪኖች ላይ በአብዛኛው ባለ 1.25 ፒች ነው (ፒች ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት ነው)፣ የቮልስ ስታድ (ራስ የሌለው፣ በዳዶ የሚታሰር ብሎን) ደግሞ ባለ 1.5፤ የድሮ እንግሊዝ ሞተሮች የኢንች ጥርስ አላቸው። ሁለት ዙር ገባ ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም።

ጥልቀቱን አለመለካት። ቴስታታው ቶርኖ ቤት 0.3 ሚሊ ሜትር ከተላጨ ብሎኑም ያንኑ ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ብሎኩም ከተላጨ ቀዳዳው ያጥራል። ሥሩ ላይ የተጠቀጠቀ ዝገት ሲጨመርበት ብሎኑ ቴስታታውን ሳይሆን የቀዳዳውን ወለል ይጫናል። ብሎኑን ከነሮንዴላው ቴስታታው ውስጥ ይክተቱ፣ በታች የወጣውን በካሊፐር ይለኩ፣ የታመቀ ጋስኬት ውፍረት ይቀንሱ። ቀዳዳው ከዚህ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ይጥለቅ። ካልበቃ ወፍራም ሮንዴላ ይገባል፤ ጠንካራ ብረት መሆን አለበት፣ ተራው ሮንዴላ ይዳመጣል።

የቀዳዳውን አፍ መርሳት። ለዓመታት የተሳበ ጥርስ በቀዳዳው አፍ ዙሪያ ብረቱን ወደ ላይ ያሳብጠዋል። ጋስኬቱ እዚያ ጉብታ ላይ ይቀመጥና ጎኑ ክፍት ይቀራል። በቀጥ ያለ ማስመሪያ ይፈትሹ፤ ካበጠ ከቀዳዳው ሰፋ ያለ ፑንታ በእጅ እያዞሩ አፉን ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ጎድጎድ ያድርጉት። ብሎኩ ከተላጨ በኋላም ይህ ይደገማል፤ ማሽኑ የድሮውን ጉድጓድ አጥፍቶታልና።

ድፍኑንና ክፍቱን አለመለየት። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ቀዳዳው እስከ ውሃው ክፍል ድረስ የተበሳ ነው። እዚያ ብሎን በዘይት ብቻ ከታሰረ ውሃው በጥርሱ ተከትሎ ይወጣል፤ ኩላንት ሳይሆን ተራ ውሃ ሲሞላለት የኖረ ሞተር ደግሞ ብሎኑ መሀሉ ተበልቶ ቀጥኖ ይገኛል። እንዲህ ያለው ይጣል። በቀጭን ሽቦ ይሞክሩ፤ ወለል ካላገኘ ክፍት ነው። ለክፍቱ ደርቆ የማይጠጥር የጥርስ ማሸጊያ ይቀቡ፣ ቴፍሎን ጥቅል አይጠምጥሙ፤ እየተቆራረጠ የውሃ መንገድ ይደፍናል። ለድፍኑ ጥርሱንና የራሱን ሥር ስስ የሞተር ዘይት ያስነኩ፤ ቀዳዳው ውስጥ ግን ዘይት አያፍሱ።

የተበላ ጥርስን ማታለል። ቀጭን ሽቦ መጠምጠም፣ ኤፖክሲ መሙላት፣ ብሎኑን በብየዳ ማወፈር፦ ሁሉም ሞተሩ እስኪሞቅ ነው። ትክክለኛው ሄሊኮይል ነው፤ በሰፋው ቀዳዳ ገብቶ አዲስ ጥርስ የሚሆን ጠምዛዛ ሽቦ። ለ10 በ1.5 ጥርስ ቀዳዳው ወደ 10.4 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ፑንታው ቀጥ ብሎ ይግባ፣ በእጅ ትራፓኖ በግምት አይሞከርም። ጠምዛዛው ሽቦ ከብሎኩ ገጽ ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ዝቅ ይበል፣ የተሰበረው ጭራውም ከቀዳዳው ይውጣ። እዚያ የቀረች ጭራ ብሎኑን ከሥር ትይዘዋለች።

ቮልስ ላይ ችግሩ ሌላ መልክ አለው፤ ስታዱ ራሱ ከማግኒዚየም ቅይጡ ኬዝ (የሞተሩ አካል) ተነቅሎ ይወጣል። ለባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ስታድ ኬዙ በ12.5 ፑንታ ተበስቶ ውጭው 14 በ1.5 የሆነ የብረት ቡሽ ይገባል። ፍርፋሪው በቀላሉ ይነዳል፣ ብልጭታ አያስጠጉት፤ ከተቀጣጠለም በደረቅ አሸዋ እንጂ በውሃ አይጠፋም። የዚህ ስታድ ዳዶ የሚታሰረው በ31 ኒውተን ሜትር፣ የባለ 8ቱ በ25 ነው። ይህን ሲያዩ ያነሰ የሚመስላቸውና "ለማረጋገጥ" የሚጨምሩ ሰዎች ናቸው ስታዱን የሚነቅሉት።

ሰባራ ብሎን ላይ መቸኮል። ከገጹ በላይ ትንሽ ከታየ ዳዶ ከላይ በይደው ትኩስ እያለ ይፍቱት። ከውስጥ ከቀረ መሀሉን በነጥብ መቺ ምልክት አድርገው በግራ በሚዞር ፑንታ ይብሱ፤ ብዙ ጊዜ ሲበሳ ራሱ ተፈትቶ ይወጣል። ኤክስትራክተር (የሰባራ ብሎን ማውጫ) ብሎኑ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ ተራ ፑንታ አይበሳውም፤ እዚያ ላይ እጅ አንስቶ ብሎኩን ቶርኖ ቤት መላክ ነው።