የአንቴና ቲልትን ከርቀት ማስተካከል፦ ከመስቀል በፊትና በኋላ

በአር ኢ ቲ (የሞባይል አንቴናን ቲልት፣ ማለትም የጨረሩን ወደ ታች ማጋደል፣ ከርቀት በሚያስተካክለው ሥርዓት) አንቴናው ራሱ አይነቃነቅም። ትንሽ ሞተር በውስጡ ያሉትን ፌዝ ሺፍተሮች (የምልክቱን ፌዝ የሚቀይሩ ክፍሎች) ሲገፋ ጨረሩ ወደ ታች ያጋድላል። ከመሬት ሆኖ የሚያይ ሰው ልዩነቱን ስለማያውቅ ስህተት ቢፈጠር ሳይታወቅ ይቆያል።

ስለዚህ አንቴናው ከመሰቀሉ በፊት የእያንዳንዱን ሞተር ሲሪያል ቁጥር ከነስቲከሩ ፎቶ አንሱ፤ ሴክተሩን (አንቴናው የሚሸፍነውን አቅጣጫ) እና ባንዱንም (የፍሪኩዌንሲ ክልሉን) አብራችሁ መዝግቡ። ሞተሮቹን የሚቆጣጠረው ሲስተም ስካን ሲያደርግ (የተገናኙትን ሞተሮች ሲፈልግ) የሚያመጣው ሲሪያል እንጂ «ሴክተር 1» የሚል ስም አይደለም። ይህች መዝገብ ከሌለች የአንዱን ሴክተር ቲልት ለመቀየር የሌላውን ትቀይራላችሁ።

ታወር ላይ ባለ 8 ፒኑን የኤ አይ ኤስ ጂ (የአንቴና መቆጣጠሪያ ስታንዳርድ) ኬብል ከአር አር ዩው (አንቴናው አጠገብ ከሚሰቀለው የሬዲዮ ክፍል) የአር ኢ ቲ ፖርት አንስታችሁ ወደ መጀመሪያው ሞተር መግቢያ፣ ከመውጫው ደግሞ ወደ ቀጣዩ ቀጥሉ። ኮኔክተሩን መጀመሪያ ከቁልፉ (ትክክለኛውን አገጣጠም ከሚያሳየው ጎድጎድ) ጋር አስተካክሉ፤ ሳይገጥም በጉልበት ከተጠመዘዘ ፒኑ ይታጠፋል። በእጅ ብቻ አጥብቁ። ትርፍ መውጫውን በክዳኑ ዝጉ፣ መጋጠሚያውንም ውኃ በማያስገባ ቴፕ ጠቅልሉ።

ከዚያ የፖርቱን ኃይል ክፈቱ (ሞተሩ የሚሠራው ከ10 እስከ 30 ቮልት ዲሲ ነው)፣ ስካን አድርጉ፣ ሲሪያሉን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ፣ የአንቴናውን ሞዴል ኮንፊገሬሽን (ማዋቀሪያ) ፋይል ጫኑ፣ ካሊብሬት አድርጉ (ሞተሩ የእንቅስቃሴውን ዳርቻዎች እንዲለይ አድርጉ)። በካሊብሬሽን ጊዜ ሞተሩ ከዳር እስከ ዳር ስለሚሄድ የኔትወርክ ሽፋኑ ይዋዥቃል፤ ትራፊክ በሚቀንስበት ሌሊት ቢሆን ይመረጣል።

ዲግሪውን ስትሞሉ አሃዱን እዩ፦ ብዙ ሲስተም የሚቀበለው በ0.1° ስለሆነ 6° ማለት 60 ነው። ብራኬቱ 2° ሜካኒካል ቲልት ካለው፣ ጠቅላላ 6° ለማግኘት በኤሌክትሪክ የሚሰጠው 4° ብቻ ነው። ሜዳማ ቦታ ላይ 30 ሜትር ከፍታ ያለው አንቴና በ6° ሲያጋድል የጨረሩ መሃል 285 ሜትር ገደማ ላይ መሬት ይነካል። የጨረሩ የቁም ስፋት 7° ከሆነ ግን የላይኛው ጠርዝ 690 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ጎረቤት ሳይትን የሚረብሸው ይህኛው ነው።

ስካኑ ምንም ካላገኘ የፖርቱን ኃይልና የመጀመሪያውን ኬብል ፈትሹ። የመጀመሪያው ሞተር ብቻ ከታየ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ኬብል ነው። ሞተር ተቆልፏል የሚል አላርም ከመጣ ካሊብሬሽኑን ድገሙ፤ ከተመለሰ ዩኒቱ መቀየር አለበት። ዲግሪው ሲስተሙ ላይ ተቀይሮ ሽፋኑ እንደነበረ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሲሪያሉን ከፎቶው ጋር አስተያዩ፣ ቀጥሎ የጫናችሁት ፋይል የዚያው ሞዴል መሆኑን አረጋግጡ።