ፕራይም ቁጥር «ለ2 ይካፈላል» ሲባል

ቁጥር ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) መሆኑን የሚፈትሽ ኮድ ለትንንሽ ቁጥር አሪፍ ይሠራል። 97 ስትሰጡት «ፕራይም»፣ 91 ስትሰጡት «7 በ13» ይላል። ትልቅ ቁጥር ሲገባ መቃዠት ይጀምራል። ይሄንን ስንት ጊዜ እንዳስተካከልኩ መቁጠር ትቻለሁ።

ምልክት፦ የታወቀ ፕራይም ለ2 ይካፈላል ይባላል

እኔ ሁሌ የምሞክረው በ2305843009213693951 ነው። 61 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው። ፕራይምነቱን በ1883 ፔርቩሺን የሚባል ሩሲያዊ ቄስ በእጁ አስልቶ አረጋግጦታል።

አንዱ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ኮዱን ሲያርም አድሮ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። መጨረሻው 1 የሆነ ቁጥር እንዴት ለ2 ይካፈላል? «እስቲ ቁጥሩን መልሰህ አሳትመው» አልኩት። 2305843009213693952 ብሎት አረፈ። ፈተናው ላይ ምንም ችግር አልነበረም፣ የተፈተነው ሌላ ቁጥር ነው!

መንስኤው ፍሎት ነው፣ ማለትም ኮምፒውተር ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች የሚይዝበት ዓይነት። ቁጥሩን ከፋይል ሲያነብ ወደ ፍሎት ቀይሮታል። ባለ 64 ቢት ፍሎት ሙሉ ቁጥሮችን አንድ በአንድ የሚለየው እስከ 9007199254740992 ድረስ ነው። ከዚያ በላይ የሚይዛቸው ሙሉ ቁጥሮች በሙሉ ለ2 የሚካፈሉ ናቸው፤ ስለዚህ የፈለጋችሁትን ግዙፍ ፕራይም ብትሰጡት አጠገቡ ያለው ላይ ጉብ ይላል። የስህተት መልእክት የለም። ዝም ብሎ ይዋሻል።

መፍትሄ፦ ከመጀመሪያው በኢንቲጀር፣ ማለትም በሙሉ ቁጥር ዓይነት፣ አንብቡ። ፓይተን ላይ ስታካፍሉ ሁለት ጭረት (//) ተጠቀሙ፤ በአንዷ ጭረት ፍሎት ሹልክ ብሎ ይገባል። ስኩዌር ሩትም በኢንቲጀሩ ፈንክሽን ይሁን። ጃቫስክሪፕት ከሆነ ቢግኢንት የሚባለውን የትልቅ ሙሉ ቁጥር ዓይነት። ደግሞ እባካችሁ ቁጥሩን በኤክሴል አታሳልፉት! ከ15 አሃዝ በኋላ ያለውን ዜሮ ያደርገዋል። በአራት ዜሮ የሚያልቅ «ፕራይም» ይዞ የተከራከረኝ ሰው አለ።

ምልክት፦ ቁጥሩ በትክክል ይታተማል፣ መልሱ ግን ስህተት ነው

ሲ ወይም ጃቫ ላይ ባለ 19 አሃዝ ሁለት ቁጥር ሲባዛ ውጤቱ 38 አሃዝ ሊደርስ ይችላል። 64 ቢት ውስጥ አይገባም፣ ይፈስሳል። ብዜቱን በ128 ቢት ያዙና ቀሪውን ከዚያ ውሰዱ።

ምልክት፦ 561 ፕራይም ነው ይላል

3 በ11 በ17 ነው። የፌርማን ፈተና (መሠረት የሚባል ቁጥር በተፈታኙ ቁጥር ልክ ራሱን ተባዝቶ ለተፈታኙ ሲካፈል፣ ቀሪው ያው መሠረቱ መሆኑን የሚያይ) ብቻ የሚጠቀም ኮድ እንዲህ ይሸወዳል። ሚለር-ራቢን የሚባለውን ጠበቅ ያለ ፈተና አድርጉት፤ ግን መሠረቱ 2 ብቻ ከሆነ 2047 ያመልጣችኋል፣ እሱም 23 በ89 ነው። እስከ 64 ቢት ላለ ቁጥር ከ2 እስከ 37 ያሉትን 12 ፕራይሞች መሠረት ካደረጋችሁ መልሱ የተረጋገጠ ነው፣ ግምት አይደለም።

1 ፕራይም ከተባለ ከ2 በታች ያለውን መጀመሪያ አስወጡ።

ማሽኑ ጭራሽ ከደረቀ ደግሞ የፓይተኑን የፓወር ፈንክሽን (pow) እዩ። ሦስተኛው ቁጥር፣ ማለትም ቀሪ የሚወሰድበት፣ ተረስቷል።