የደሞዝ ግብርዎን እንደ ኢኮኖሚስት እንዴት ማስላት ይችላሉ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ጎረቤቴ አስተማሪ ናት። ባለፈው ደሞዝ ተጨመረላትና «ጭማሪውን ግብር በላው» አለችኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ደረጃው ላይ ቁጭ አልን።

መጀመሪያ ምንም ያልተቆረጠበትን ደሞዝ ይጻፉ። 7 በመቶው ጡረታ ለብቻው ስለሚሰላ ለጊዜው ይተዉት።

ቀጥሎ ደሞዙን ይከፋፍሉት። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 20፣ እስከ 10,000 25፣ እስከ 14,000 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ደሞዙ 8,000 ከሆነ 300፣ 600 እና 250 ይደመራል። 1,150 ብር ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። 25 በመቶ ውስጥ ስገባ ሙሉ ደሞዜ በ25 ይቆረጣል ብሎ ያስባል። 25ቱ የሚነካው ከ7,000 በላይ ያለችውን 1,000 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ጭማሪ ብቻውን እጅዎ የሚገባውን ብር አይቀንስም።

አሁን ግብሩን ለደሞዙ ያካፍሉ። 14.4 በመቶ ገደማ ይመጣል። ይቺን ቁጥር ይያዟት።

ደሞዙ 10,000 ሲሆንስ? ግብሩ 1,650፣ ድርሻው 16.5 በመቶ ይሆናል። ጤፉም፣ ታክሲውም፣ ዘይቱም በዚያው ጊዜ 25 በመቶ ጨምሯል እንበል። 10,000 ብር የሚገዛው ትናንት 8,000 የገዛውን ያህል ነው። ኑሮ ፈቀቅ አላለም፣ ግብሩ ግን ከፍ ብሏል። ድርሻው ባይቀየር ኖሮ የሚከፈለው 1,437 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። የቀረው 212 ብር ከ50 ምክር ቤት ሳይመክርበት የመጣ ጭማሪ ነው።

ግብርን የሚያጠኑ ኢኮኖሚስቶች ይህን አጥብቀው ይከታተላሉ። እርከኖቹ በብር ተጽፈዋል፣ ብሩ ደግሞ አቅሙ ይወርዳል። ከሐምሌ 2008 እስከ ሰኔ 2017 ከግብር ነጻ የነበረው 600 ብር ብቻ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተነካም። በዚያ ሠንጠረዥ 8,000 ብር ላይ 1,445 ብር ይቆረጥ ነበር። የ2017ቱ ማሻሻያ እፎይታ ነው፣ ግን እርከኖቹ በየዓመቱ ከዋጋ ጋር ካልተስተካከሉ እፎይታው እያለቀ ይሄዳል።

ጎረቤቴ እውነት ነበራት። ምክንያቱ ግን ያሰበችው አልነበረም።

የመጨረሻው ሥራ ቀላል ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር ድርሻዎን አስልተው ቀን ጽፈው ያስቀምጡ። በዓመቱ ሐምሌ እንደገና ያስሉና አጠገቡ ይጻፉት፤ ከጎኑም የአንድ ኪሎ ጤፍ ዋጋ።