ከካናዳ ያመጣሁት መኪና አሜሪካ ውስጥ ታርጋ ያገኘበት መንገድ
ከቶሮንቶ ወደ ቡፋሎ ስንዛወር መኪናዬን ይዤ መጣሁ። የታርጋ ቢሮው ግን «ፎርም 7501 የታለ?» ብሎ መለሰኝ። መኪናው በጉምሩክ በኩል በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳየው ወረቀት ነው። የካናዳ ሊብሬና ኢንሹራንስ አልበቃም። መኪናውን የሸጠልኝ ድርጅት «የአሜሪካን መስፈርት ያሟላል» ብሎ የጻፈውን ደብዳቤም ጉምሩክ አልተቀበለውም፤ ከራሱ ከአምራቹ መምጣት አለበት።

የሠራው ይሄ ነው። የአምራቹ ደንበኞች አገልግሎት ጋ ደውዬ የሻንሲ ቁጥሩን ሰጠኋቸው። መኪናው የአሜሪካን የደህንነት መስፈርት እንደሚያሟላ የሚገልጽ ደብዳቤ በኢሜይል ላኩልኝ። በሾፌሩ በር ፍሬም ላይና ኮፈኑ ሥር የተለጠፉትን ስቲከሮች ፎቶ አነሳሁ፤ ኮፈኑ ሥር ያለው የጭስ ልቀቱን ነው የሚናገረው። ከዚያ የደህንነት መግለጫውን ፎርም ኤችኤስ-7ን (ለካናዳ መስፈርት የተሠሩ መኪናዎችን የሚመለከተው ሣጥን 2ቢ ላይ ምልክት አድርጌ) እና የጭስ ልቀት መግለጫውን ፎርም 3520-1ን ሞልቼ ድንበሩ ላይ ወዳለው ጉምሩክ ሄድኩ። ፎርም 7501ን ማህተም መትተው ሰጡኝ፤ ታርጋውም ወዲያው ወጣ።

እባካችሁ፣ ደብዳቤውን ከመነሳታችሁ በፊት አስልኩ። ከሁሉም የሚያዘገየው እሱ ነው።