ሞተሩ የነከሰ ያማሃ ብላስተር ገዝቶ እንደገና ማስነሣት

ያማሃ ብላስተር በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ ሁለት ምት፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና 195 ሲሲ ሞተር የተገጠመለት ባለ አራት ጎማ ነው። እዚህ አሜሪካ ከ1988 እስከ 2006 ሞዴል ድረስ ስለተሸጠ፣ በየጓሮው ሸራ ለብሶ የቆመ ዛሬም አይጠፋም። ብዙዎቹ ለሽያጭ የሚቀርቡት «ሞተሩ ነክሷል (ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ሞተሩ አልዞር ብሏል)፣ ፒስተን ብቻ ቢቀየርለት ይነሣል» ተብለው ነው። እኔም የመጀመሪያዬን በዚሁ ቃል ገዝቼ አዲስ ፒስተን ከነፋሻው (በዙሪያው ከሚቀመጠው የብረት ቀለበት ጋር) ገጠምኩለት፤ ተነሣ፤ ሁለት ሰዓት ሳይሠራ ግን ዳግመኛ ነከሰ። በካርቡራተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ላስቲክ፣ ሲታጠፍ ብቻ የሚታይ ስንጥቅ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የነከሰበትን ምክንያት ሳላገኝ አዲስ ፒስተን አልገጥምም።

ለግዢ ስትሄዱ የተያዘው በእርግጥ ሞተሩ መሆኑን አረጋግጡ። ስድስተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ስትገፉት የኋላ ጎማዎቹ አልዞር ብለው፣ ፍሪሲዮን ስትይዙ ግን ከለቀቁ፣ የነከሰው ሞተሩ ነው፤ ማርሽ ሳጥኑ ይዞራል። ለዓመታት የቆመ ፍሪሲዮን እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ አለመልቀቁ ብቻውን አያስደንግጣችሁ። ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) ሆኖም ካልተንቀሳቀሰ ግን ፍሬኑን ወይም የኋላ አክስሉን ኩሽኔታ ጠርጥሩ። ካንዴላውን ፈትታችሁ በቀዳዳው መብራት አብሩ፤ ውስጡ ዝገት ከሆነ ውኃ ገብቶበታልና፣ ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዋና ዘንግ) እና ኩሽኔታዎቹም አብረው እንደሚቀየሩ አስባችሁ ተደራደሩ። የሻንሲው ብየዳ አለመሰንጠቁን፣ በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር መግጠሙን ተመልከቱ፤ የባለቤትነት ወረቀት ሕግ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ የየግዛታችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዋጋ ስትነጋገሩ ሞተሩን እንደሌለ ቁጠሩት።

የተጣበቀውን ፒስተን ለማላቀቅ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አፍስሳችሁ ጥቂት ቀን አቆዩት፤ ከዚያ የቮላኖውን (በኮሎው ጫፍ ላይ ያለውን ከባድ ክብ ብረት) ዳዶ በቁልፍ ይዛችሁ ወዲህና ወዲያ በዝግታ አወዛውዙት። እምቢ ካለ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ፈትታችሁ በእንጨት ቀስ እያላችሁ አንኳኩት እንጂ ብረት በብረት አትምቱ፤ ምቱ በቢየላው (ፒስተኑንና ኮሎውን በሚያገናኘው ዘንግ) በኩል ወደ ኮሎው ኩሽኔታ ይደርሳል።

ፒስተኑ ሲወጣ አትጣሉት፣ አትጠቡትም። በፀሐይ ብርሃን እያዟዟራችሁ አንብቡት። ጭረቱ በማርሚታው በኩል ብቻ ከሆነ ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል፤ ይህም ዘይት ከማነስ ወይም ቤንዚኑ ለአየሩ ከማነሱ የተነሣ ነው፤ አየር በስንጥቅ ሲገባም እንዲሁ ያደርጋል። በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጭረቶች ካሉ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ተነድቷል ወይም ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር በጣም ጠቧል። በካርቡራተሩ በኩል ያለው ጎን ደብዝዞ በቀጫጭን ቀጥ ያሉ መስመሮች ከተፋቀ አቧራ ገብቷል፤ ያን ጊዜ የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ መርምሩ። አናቱ ቀልጦ ከተበሳ የቤንዚኑን መጠንና የማቀጣጠያውን ሰዓት መመርመር ግድ ነው።

ቀጥሎ ቢየላውን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ሳቡት። ወደ ጎን ጥቂት መንቀሳቀሱ የተለመደ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ምንም ሊነቃነቅ አይገባም። የአሉሚኒየም ፍርፋሪ ወደ ታች ወርዶ ከሆነ፣ በማጠብ ብቻ ሙሉ በሙሉ ስለማይወጣ ካርተሩን (ኮሎው ያለበትን የሞተሩን የታች ቤት) ከፍቶ ማጽዳት ይሻላል፤ በዚያው የኮሎውን ፓራኦልዮዎች (በዘንጉ ዙሪያ የሚያሽጉትን ላስቲኮች) ቀይሩ።

ሲሊንደሩ የብረት እጅጌ (የውስጥ ሽፋን) ስላለው ተቦርቡሮ ሊሰፋ ይችላል። መደበኛው ስፋት 66 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ትላልቆቹ ፒስተኖች በ0.25 ሚሊ ሜትር እየጨመሩ ይሄዳሉ። አስቀድማችሁ ፒስተኑን ገዝታችሁ ከነወረቀቱ ለቶርኖ ባለሙያው ስጡት፤ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ክፍተት ፋብሪካው በጻፈው ልክ እርሱ ያወጣዋል። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ጠርዝ ፋሻውን እንዳይቆርጥ እንዲለሰልስም ንገሩት። ቤት ስትመልሱት በሞቀ ውኃና በሳሙና፣ ነጭ ጨርቅ ስታሹበት ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ እጠቡት፤ ወዲያው ዘይት ቀቡት፤ አለዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ይዝጋል።

ስትገጥሙ የካርተሩን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ፤ ፒስተኑን ከቢየላው የሚያያይዘውን ፒን የምትይዘው ትንሽ ቀለበት ከገባችበት ሞተሩን በሙሉ ትከፍታላችሁ። የድሮዋን ቀለበት አትድገሙ። በፒስተኑ አናት ላይ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው ይዙር፤ የፋሻው ጫፎችም በጎድጓዳው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሚስማር አቅፈው መቀመጣቸውን በጣታችሁ ዳስሳችሁ እርግጠኛ ሁኑ። እዚህ ላይ ያልተስተካከለ ፋሻ ሲሊንደሩ ሲወርድበት ይሰበራል።

ሳታስነሡት በፊት ካርቡራተሩን አውጥታችሁ የላስቲኩንና የማርሚታውን አፍ ደፍናችሁ፣ በካንዴላው ቀዳዳ 6 ፒኤስአይ አየር ንፉበት። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ግፊቱን መያዝ አለበት፤ ከወረደ የሳሙና ውኃ ቀቡት፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ አዲሱን ፒስተን ሊገድልባችሁ የነበረው ነው። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ይህን ፍተሻ አድርጌ ቢሆን ኖሮ የዚያ ላስቲክ ስንጥቅ ባልተደበቀብኝ ነበር።

የዘይት ፓምፑ መሥራቱን ካላረጋገጣችሁ፣ ለአንድ ጋሎን ቤንዚን 4 አውንስ የባለ ሁለት ምት ዘይት ቀላቅሉ። ካስነሣችሁት በኋላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሠርቶ ይጥፋ፤ ሲሊንደሩ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሙና የቴስታታውን ዳዶዎች እንደገና አጥብቁ። የመጀመሪያው ታንክ እስኪያልቅ ሙሉ ጋዝ አትስጡ፤ በአንድ ፍጥነትም አትንዱ። ታንኩ ሲያልቅ ማርሚታውን ፈትታችሁ በቀዳዳው መብራት አብሩ፤ የፒስተኑ ጎን ከላይ እስከ ታች ለስላሳ ሆኖ ከታየ፣ ማርሚታውን በአዲስ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባ ማሸጊያ) መልሳችሁ እሰሩ።